የልጅ መኪና በአባት ስም

መስከረም በጠባ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪዎችን ይቀበላሉ። በለንደን፣ በሊድስ፣ በማንቸስተርና በበርሚንግሃም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም በዚሁ ሰሞን ልጆቻቸውን ብርድ ልብስና ድስት አስይዘው ይሸኛሉ። ስለ ትምህርት ክፍያው፣ ስለ ማደሪያው፣ ስለ ምግቡ ብዙ ይመከራል። በመጨረሻው ቀን የሚነሳ፣ አንዳንዴም ጭራሹን የማይነሳ አንድ ጥያቄ ግን አለ። ልጁ መንጃ ፈቃድ ባወጣ ማግስት የተገዛችው ትንሽ መኪና ምን ትሁን? አብራ ትሂድ ወይስ ደጅ ትቅር? ግብሯን ማን ይክፈል? ኢንሹራንሷስ በማን ስም ይሁን?

ጥያቄው የቤት ውስጥ ጉዳይ ይመስላል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ጉዳዩ ከዚያ በላይ ነው። ትንሽ በምትመስል አንዲት ውሸት ምክንያት የልጅን መንጃ ፈቃድ፣ የአባትን እንጀራ፣ ሲብስም የቤተሰብን ጥሪት የሚያሳጣ የሕግ ጉዳይ ነው። ለአዲስ አበባ አንባቢም ቢሆን ባዕድ አይደለም። ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደዚያ የሚልኩ ወላጆች አሉ። ከዚያም ባሻገር፣ በኢንሹራንስ ውል ውስጥ እውነት ምን ያህል ዋጋ እንዳላት የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ቦሎው ከመስታወት ላይ ከጠፋ በኋላ

ከትንሹ እንጀምር። ብሪታንያ ውስጥ በመንገድ ላይ የሚገኝ መኪና ሁሉ ግብር ይከፈልበታል። የእኛ ሰው ቦሎ በሚለው ዓይነት፣ የዚያም አገር ባለመኪና የግብሩን ክብ ወረቀት በፊት መስታወቱ ላይ ይለጥፍ ነበር። ወረቀቱ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2014 ጀምሮ ቀርቷል። ዛሬ ማስረጃው ያለው ዲቪኤልኤ በሚባለው የአሽከርካሪና የተሽከርካሪ ፈቃድ ኤጀንሲ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ከዚያው ቀን ጀምሮ ግብሩ ከመኪናው ጋር ለገዢ መተላለፉም ቀርቷል። ተማሪው መኪናውን ለጓደኛው ቢሸጥ ያልተነኩት ሙሉ ወራት ሒሳብ ለሻጩ ይመለሳል፤ ገዢው ደግሞ ከመንዳቱ በፊት በራሱ ስም መክፈል አለበት። "ግብሯ እስከ መጋቢት ተከፍሏል" ብሎ መኪና መሸጥ አሁን ትርጉም የለውም።

የግብሩ መጠን ብዙውን ጊዜ ቤተሰብ የሚያናጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2017 ወዲህ የተመዘገበ ተራ መኪና በ2025 የዓመት ግብሩ 195 ፓውንድ ነበር። ተማሪ የሚነዳው ግን በአብዛኛው ከዚያ በፊት የተመዘገበ አሮጌ መኪና ነው፤ የዚህ ደግሞ የሚሰላው በሚያወጣው የካርቦን ጭስ መጠን ነው። ትንሽ ሞተር ያላት መኪና በዚያው ዓመት 20 ወይም 35 ፓውንድ ስትከፍል፣ ነዳጅ የምትጠጣዋ ከ300 ፓውንድ በላይ ትከፍላለች። ነፃ የነበሩት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ከፋዮች ሆነዋል።

ችግሩ ገንዘቡ ሳይሆን ደብዳቤው ነው። የማስታወሻው ደብዳቤ የሚላከው በመኪናው ሊብሬ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። ተማሪ በየዓመቱ ቤት ይቀይራል። አምና ወደተከራየበት ክፍል የተላከ ደብዳቤ ማንም ሳይከፍተው ኮሪደር ላይ ይከርማል፤ መዘዙ የ80 ፓውንድ ቅጣት ነው። ስለዚህ ልጁ በየዓመቱ ከሚዞርበት የኪራይ ክፍል ይልቅ፣ ደብዳቤው በእርግጥ የሚደርስበት የወላጅ ቤት ለመንግሥቱ መዝገብ ይሻላል። ይህ ግን የሚሠራው ለግብሩ ነው። መንግሥት የሚጠይቀው ደብዳቤ የት እንደሚደርስ ነው፤ ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው ደግሞ መኪናው የት እንደሚያድር። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ሁለቱን እንደ አንድ ጥያቄ ቆጥሮ አንድ መልስ ሲሰጥ ነው።

ለቆመ መኪና የሚከፈል

ልጁ መኪናውን ትቶ ከሄደስ? "ለማይነዳ መኪና ለምን ይከፈላል?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የብሪታንያ ሕግ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ባለመኪናው "መኪናዬ ከመንገድ ወጥታለች" ብሎ ለኤጀንሲው ማስታወቅ ይችላል፤ አሠራሩ ሶርን ይባላል። ማስታወቂያው በነፃ ነው። የቀሩት ሙሉ ወራት ግብር ይመለሳል፤ ኢንሹራንስ የመግባት ግዴታም ይቀራል።

ይህን የማያደርግ ሰው ግን መኪናው ቆማለችና ምንም አይመጣብኝም ማለት አይችልም። እስከ 2011 ድረስ ጥፋት የነበረው ያለ ኢንሹራንስ መኪናን በመንገድ ላይ መጠቀም ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ ግን ሶርን ያልተባለ መኪና ኢንሹራንስ ሳይኖረው መያዝ በራሱ ጥፋት ሆኗል። የኤጀንሲው መዝገብና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች መዝገብ በኮምፒዩተር ይመሳከራሉ፤ ክፍተት ሲገኝ መጀመሪያ ማሳሰቢያ፣ ቀጥሎ የ100 ፓውንድ ቅጣት ይመጣል። ፍርድ ቤት ከደረሰ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊሄድ ይችላል። ልጁ ኅዳር ላይ "አልነዳትም" ብሎ ኢንሹራንሷን ቢሰርዝና ሶርን ቢረሳ ቅጣቱ የሚደርሰው አንድ ሜትር እንኳ ሳይነዳ ነው።

ሶርን የተባለች መኪናም ለገና ዕረፍት የመጣው ልጅ ብቅ ሊልባት አይችልም። አስቀድሞ ወደተያዘ የቴክኒክ ምርመራ ቀጠሮ ካልሆነ በቀር መንገድ ላይ ከወጣች ቅጣቱ እስከ 2,500 ፓውንድ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ሕጉ የሚተችበት ነገር አለ። ሶርን የሚፈቀደው መኪናዋ በግል ይዞታ ላይ፣ ማለትም በጋራዥ ወይም በግቢ ውስጥ ስትቆም ብቻ ነው። በለንደን አፓርትመንት ወይም ተያይዘው በተሠሩ ቤቶች የሚኖር፣ መኪናውን በመንገድ ዳር የሚያቆም ቤተሰብ ይህ መብት የለውም። ግቢ ያለው ልጁ በሌለበት ዘጠኝ ወር ከግብርም ከኢንሹራንስም ያርፋል፤ ግቢ የሌለው ለማይነዳት መኪና ሁለቱንም ይከፍላል። "መንገድ የሕዝብ ነው፤ ቦታ የያዘ ይክፈል" የሚለው የመንግሥት መከራከሪያ ሚዛን የሚደፋ ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ የሚጠቅመው አስቀድሞ የተሻለ ቤት ያለውን መሆኑን መካድ አይቻልም። የእኛ ሰው በብዛት በየትኛው ዓይነት ቤት እንደሚኖር ደግሞ የታወቀ ነው።

ኢንሹራንሱ የማን ነው?

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በአገራችን የሕግ አስተሳሰብ ኃላፊነት የሚከተለው ባለንብረቱን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል፤ ባለቤቱ ነፃ የሚወጣው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ ነው። በአዋጅ ቁጥር 559/2000 የመጣውና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተተካው የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታም ከተሽከርካሪው ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት "መኪናዋ በእኔ ስም ናት፤ ኢንሹራንሱም የእኔ ነው፤ ልጄ ቢነዳት ምን አለበት?" ቢል ከለመደው ሕግ ተነስቶ ነው።

የብሪታንያ ኢንሹራንስ ግን የሚጠብቀው በዋናነት ሰውን ነው። ኩባንያው ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ማን ነው የሚነዳት? የት ነው የምታድረው? አረቦኑ የሚሰላው በእነዚህ መልሶች ላይ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባ ቀን ደግሞ ሁለቱም መልሶች ሊለወጡ ይችላሉ። ጸጥ ካለ የከተማ ዳርቻ ተነስታ በተማሪዎች ሰፈር መንገድ ዳር የምታድር መኪና ለኩባንያው ሌላ መኪና ናት ማለት ይቻላል። ለውጡን አለመናገር በጊዜው ምንም አያመጣም፤ የሚያመጣው አደጋ የደረሰ ዕለት ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በእንግሊዝኛው ፍሮንቲንግ የሚባለው ነው። የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት በራሱ ስም ኢንሹራንስ ሲጠይቅ ከ1,000 ፓውንድ በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ አንዳንዴም አረቦኑ ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። ሃያ ዓመት ያለ አደጋ የነዳ አባት ግን በትንሽ ገንዘብ ይገባል። መፍትሔው ቀላል ይመስላል። አባት "ዋና አሽከርካሪ እኔ ነኝ፤ ልጄ አልፎ አልፎ የሚነዳ ተጨማሪ አሽከርካሪ ነው" ብሎ ይፈርማል፤ መኪናዋ ግን ከልጁ ጋር ወደ ሸፊልድ ወይም ወደ ኖቲንግሃም ትሄዳለች። አባት የበር እጀታዋን የሚነካው ለፋሲካ ነው።

ልብ መባል ያለበት፣ ያው ወረቀት በሌላ ሁኔታ ፍጹም ሕጋዊ ነው። መኪናዋ ለንደን ከቀረች፣ አባት ወይም እናት በየቀኑ ሥራ የሚሄዱባት ከሆነ፣ ልጁ ደግሞ ለገና፣ ለፋሲካና ለክረምቱ ሲመጣ ብቻ የሚነዳት ከሆነ፣ አባትን ዋና አሽከርካሪ ማድረግ እውነቱን መናገር ነው። ልዩነቱ ያለው በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ስም ሳይሆን በዓመቱ ውስጥ በብዛት መሪውን የሚጨብጠው ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

ውሸቷ ስትጋለጥ

እ.ኤ.አ. የ2012 የሸማቾች የኢንሹራንስ ሕግ በብሪታንያ የቆየውን ጥብቅ ግዴታ አለዝቧል። በፊት ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው ባይጠየቅም ጠቃሚ የሆነውን ሁሉ መናገር ነበረበት። አሁን የሚጠበቅበት ለተጠየቀው በተገቢ ጥንቃቄ እውነቱን መመለስ ነው። በቸልተኝነት የተሳሳተ ሰው ካሳው በመጠኑ ይቀነስበት ይሆናል እንጂ ሁሉን አያጣም። ሆን ብሎ የዋሸ ግን ውሉ ይፈርስበታል፤ ኩባንያው የተከፈለውን አረቦን ሊያስቀር ይችላል። የእኛም የንግድ ሕግ በአንቀጽ 668 አውቆ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተነገረ ጠቃሚ ነገር ውሉን ዋጋ እንደሚያሳጣ ስለሚደነግግ፣ መርሑ ለእኛ የሕግ ሰዎች አዲስ አይደለም። ልጁ ኖቲንግሃም እንደሚማር እያወቀ "ለንደን የምነዳት እኔ ነኝ" ያለ አባት በቸልተኝነት ተሳሳትኩ ሊል አይችልም።

የተጎዳው እግረኛ ካሳውን አያጣም፤ ሕጉ የሚከላከለው በመጀመሪያ እሱን ነው። ለአካል ጉዳት የሚገባው የግዴታ ኢንሹራንስ በብሪታንያ የገንዘብ ጣሪያ የለውም። ኩባንያው ግን ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን ወደ ቤተሰቡ ዞሮ ሊጠይቅ የሚችልበት በር አለ። አከርካሪው የተሰበረ ሰው ካሳ ስንት እንደሚሆን ማሰብ ነው። አረቦን ላይ የተቆጠበው ጥቂት መቶ ፓውንድ ከዚህ ጎን ሲቀመጥ ምንም ነው።

ወንጀሉ ደግሞ ለብቻው አለ። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት መደበኛ ቅጣቱ 300 ፓውንድና 6 የቅጣት ነጥብ ነው። ለነባር አሽከርካሪ 6 ነጥብ የሚያሳፍር ቅጣት ነው፤ ለተማሪው ግን መጨረሻው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የአዳዲስ አሽከርካሪዎች ሕግ መንጃ ፈቃድ ባወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ 6 ነጥብ የደረሰበት ሰው ፈቃዱ እንዲሰረዝና የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና እንደገና እንዲወስድ ያዛል። ስለዚህ አንዲት ጥፋት ብቻ ትበቃለች።

አባትም አያመልጥም። ያለ ኢንሹራንስ የነዳው ብቻ ሳይሆን እንዲነዳ የፈቀደውም እኩል ጥፋተኛ ነው። በለንደን በሚኒካብ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ለእነዚህ ሰዎች በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ ነጥብ የሥራ ፈቃዳቸውን ጥያቄ ላይ የሚጥል፣ የሥራ መኪናቸውን አረቦን የሚያንር ነገር ነው። የማታለል ክስ ከታከለበት ደግሞ ነገሩ ከትራፊክ ጉዳይነት ያልፋል፤ ሕግ ወይም ሕክምና ለሚማር ልጅ ሙያው ስለ ጠባዩ በሚጠይቀው ቅጽ ላይ ለዓመታት መልስ የሚሻ ነጥብ ይሆናል። ልጁን ለመርዳት የተፈረመች ፊርማ ልጁንም አባቱንም ይዛ ትሄዳለች።

ወላጅ ብቻ ነውን ጥፋተኛው?

ይህን ሁሉ ብሎ ወላጅን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ሰው ወደ ውሸት የሚገፋው ዋጋው ስለከበደ ነው። ወጣቶች በአደጋ ስታቲስቲክስ ውስጥ ከቁጥራቸው በላይ ስለሚገኙ ኩባንያዎች ብዙ መጠየቃቸው ምክንያት አለው። ይሁን እንጂ ጠንቃቃዋ ልጅ የማታውቀውን ወጣት ጥፋት ትከፍላለች። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2011 በሰጠው ውሳኔ አረቦንን በፆታ መለየት አድልዎ ነው ብሎ ከታኅሣሥ 21 ቀን 2012 ጀምሮ አስቀርቶታል፤ በዕድሜ መለየት ግን እስከ ዛሬ ተፈቅዷል። አንዱ አድልዎ ሲሆን ሌላው ለምን ሒሳብ ብቻ ሆነ? መልሱ ከሕግ መርሕ ይልቅ ለገበያው አመቺነት የቀረበ ይመስላል።

የመንግሥትም እጅ አለበት። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2017 ጀምሮ በኢንሹራንስ አረቦን ላይ 12 በመቶ ታክስ ይከፈላል። ኩባንያው 1,500 ፓውንድ የጠየቀው ወጣት በላዩ 180 ፓውንድ ለመንግሥት ይጨምራል። የመኪናዋ የዓመት ግብር 20 ፓውንድ ከሆነ፣ ኢንሹራንስ በመግባቱ ብቻ የከፈለው ታክስ የግብሩን ዘጠኝ እጥፍ ነው። እውነተኛው የመኪና ግብር የተደበቀው እዚያ ነው። መንግሥት በአንድ እጁ "ኢንሹራንስ ካልገባህ ትቀጣለህ" እያለ በሌላው እጁ በመግባቱ ያስከፍለዋል፤ ያውም ከፍተኛ አረቦን የሚከፍለው፣ ማለትም ገቢ የሌለው ተማሪ፣ ብዙውን ታክስ ይከፍላል። ቢያንስ ለሦስተኛ ወገን የግዴታ ሽፋን ለወጣቶች ታክሱ ቢነሳ ብዙ ሰው ወደ እውነቱ ይመለስ ነበር የሚል እምነት አለን።

እውነቱ የሚያስኬድ መንገድ

እስከዚያው በሕግ ውስጥ ሆኖ ዋጋን መቀነስ ይቻላል። መኪናዋ ለትምህርቱ የማታስፈልግ ከሆነ ቤት ትቅርና በእርግጥ የሚነዳት ወላጅ ዋና አሽከርካሪ ይሁን። ማንም የማይነዳት ከሆነና ግቢ ካለ ሶርን ይባል፤ ስርቆትና እሳት የሚያሰጋ ከሆነ ለዚያ ብቻ የሚሆን ሽፋን መጠየቅ ይቻላል። ልጁ ለዕረፍት ሲመጣ የወላጆቹን መኪና ለቀናት ብቻ የሚነዳበት የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስ አለ። መኪናዋ አብራ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ልጁ በራሱ ስም፣ በሚያድርባት አድራሻ ይግባ፤ የአነዳዱን ሁኔታ የሚመዘግብ መሣሪያ መኪናዋ ላይ ማስገጠም አረቦኑን ሊቀንስለት ይችላል። ወላጅ እዚህ ላይ ተጨማሪ አሽከርካሪ ሆኖ ቢገባ ሕጋዊ ነው፤ አንዳንዴም ዋጋውን ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ያለ አደጋ ያለፈው ዓመት በልጁ ስም ይቆጠራል። በአባት ስም ተሸፍኖ ሦስት ዓመት የነዳ ልጅ ግን ሲመረቅ ብዙ ጊዜ የራሱ የሚለው መዝገብ የለውም፤ ውዱ አረቦን በሃያ ሁለት ዓመቱ ይጠብቀዋል። ውሸቷ ዋጋውን ያዘገየችው እንጂ ያስቀረችው አይደለም።

ከአዲስ አበባ ለሄደ ተማሪ አንድ ነገር ይጨመራል። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በብሪታንያ መንዳት የሚቻለው ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወራት ብቻ ነው። ፈቃዳችን በቀጥታ ከሚለወጥላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ፣ ከዚያ በኋላ የዚያን አገር ፈተና ማለፍ ግድ ነው። በአሥራ ሦስተኛው ወር በዚሁ ፈቃድ መንዳት ጥፋት ነው፤ የተከፈለበትንም ኢንሹራንስ ጥያቄ ውስጥ ያስገባል።

አበው "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይላሉ። የኢንሹራንስ መርማሪ የሚጠይቀው የልጁን የማደሪያ ውል፣ የመኪና ማቆሚያ ደረሰኝና የስልክ መልእክት ነው፤ መኪናዋ የት እንዳደረች በሁለት ቀን ይታወቃል። ስለዚህ ብርድ ልብሱና ድስቱ ሳይጫን በፊት አባትና ልጅ የኢንሹራንሱን ውል ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ማን እንደሚነዳትና የት እንደምታድር ተነጋግረው፣ ለኩባንያው በስልክ ቢያሳውቁ ይበጃል። ኩባንያው ጭማሪ ይጠይቅ ይሆናል። ጭማሪው ከበዛ መኪናዋን ሸጦ በባቡር መሄድም ውሳኔ ነው፤ ልጁ የተላከው ለመማር ነውና።